ከአዲስ አበባ ዳር ሆኖ ከሩቅ ባልደረቦች ጋር ምርምር መሥራት፦ የጠቀሙን መሣሪያዎች

ጥያቄያችን ሲነገር ቀላል ነው። በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ውስጥ ምን ያህል እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም አለ? መልሱን የምንፈልገው ሰዎች ግን ተበታትነናል። ናሙናው የሚለቀመው ከቂሊንጦና ከአቃቂ አካባቢ ማሳዎች ነው። የላብራቶሪው ሥራ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ባህር ዳር ይሠራል። የስታቲስቲክስ ባለሙያችን ኔዘርላንድስ ናት። እኔ ደግሞ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መሀል ከተማ መመላለሱ ቀኑን ስለሚበላው አብዛኛውን የጽሑፍና የትንተና ሥራ የምሠራው ከቤቴ ነው።

ይህን የምጽፈው ከውጭ አገር ወይም ከሌላ ክልል ሰው ጋር ምርምር ለምትጀምሩ፣ በተለይ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪዎች ነው። የመሣሪያ ዝርዝር በየሥልጠናው ይታደላል። ችግሩ፣ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት የማይቋረጥበት ቦታ ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ መሆኑ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ከቆየ ደግሞ የስልኩም ኔትወርክ ይደክማል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ኮኔክሽን ሲቋረጥ ሥራዬ ይቆማል ወይስ እኔ እቀጥላለሁ፣ መሣሪያው ኋላ ራሱ ይልክልኛል? የሚቆም ከሆነ የፈለገ ቢያምር የቡድናችን ዋና መሣሪያ አይሆንም።

በዚህ ሚዛን አንደኛ የማስቀምጠው ኮቦቱልቦክስን ነው። የመስክ መረጃ መሰብሰቢያ ነው፣ በነፃ ይገኛል፣ መነሻው ሐርቫርድ ያለ የሰብዓዊ እርዳታ ጥናት ቡድን ነው። መጠይቁን ኮምፒውተር ላይ ታዘጋጃላችሁ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ አንድሮይድ ስልካቸው ላይ ያወርዱታል። ከዚያ በኋላ ማሳ ላይ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ጂፒኤሱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የተሞላው ቅጽ ስልኩ ውስጥ ይቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ጠዋት ቂሊንጦ ማሳ ላይ የተመዘገበውን ተማሪው ማታ ቤቱ ሲገባ ይልከዋል፣ ኔዘርላንድስ ያለችው ባልደረባዬ በዚያው ምሽት ታየዋለች፣ የሚያጠራጥር ቁጥር ካለም ናሙናው ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ እያለ ትጠይቃለች። በወረቀት ስንሠራ ይህ ጥያቄ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነበር። ያኔ ማንም አያስታውስም።

ቅጹን ስታዘጋጁ ግን አትቸኩሉ። የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ0 እስከ 14 ካልሆነ አልቀበልም እንዲል አድርጉት፤ 7.4 ለማለት 74 የሚጽፍ እጅ ሁሌም አለ፣ በተለይ ፀሐይ ላይ የስልኩ ስክሪን በደንብ በማይታይበት ሰዓት። የማሳውን ስም ከዝርዝር እንዲመርጡ እንጂ እንዲጽፉ አታድርጉ። ጥያቄዎቹንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አስገቡ። ኮቦ በአንድ ቅጽ ውስጥ ብዙ ቋንቋ ይይዛል፣ ሰብሳቢው በአንድ ንክኪ ይቀይረዋል። እዚህ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በሚቀናቸው ቋንቋ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ በአስተርጓሚ ከሚመጣው በጣም የተሻለ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮቦ የእኛን የዘመን አቆጣጠር ይችላል። ቅጹን በኤክሴል ስታዘጋጁ የቀን ጥያቄው መስመር ላይ፣ አፒራንስ በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ethiopian የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ጻፉ። ስልኩ ላይ ቀኑ በመስከረም፣ በጥቅምት፣ ጳጉሜንም ጨምሮ ይመጣል። ውስጥ የሚመዘገበው ግን በፈረንጆቹ ቀን ነው። ሰብሳቢው አእምሮው ውስጥ ቀን መቁጠሪያ ሳይገለብጥ የሚያውቀውን ይመርጣል፣ ተንታኟም የምታውቀውን ታያለች። ይህን ሳይ ከልቤ ነው የተደሰትኩት።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያስደስት ላስረዳ። ከእኛ በፊት የተሰበሰበ የቆየ መረጃ ተረክበን ነበር። ወሩ በቁጥር ብቻ ተጽፏል። 11ኛ ወር ለእኛ ሐምሌ ነው፣ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቶ ይሄዳል። ለፈረንጆቹ ኖቬምበር ነው፣ ዝናቡ አልፏል፣ ገበሬው መስኖ ላይ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ካስቀመጣችሁት የወቅት ንጽጽራችሁ በሙሉ ገደል ይገባል። ዓመቱም ያው ነው። 2016 የሚል ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሕገ መንግሥቱን እንኳ በአማርኛው አዋጅ ቁጥር 1/1987፣ በእንግሊዝኛው 1/1995 ነው የምንለው፤ የአገሩን ሕግ የማያውቅ የውጭ ባልደረባ ሁለት ሕግ ሊመስለው ይችላል። ቡድናችን ውስጥ አሁን ማንኛውም ሰንጠረዥ ላይ ያለ ቀን በፈረንጆቹ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ የእኛ ቀን ካስፈለገ ለብቻው ዓምድ ይሠራለታል፣ ስሙም "እ.ኢ.አ." ይባላል።

በዚያው የቆየ መረጃ ውስጥ ቂሊንጦ ራሱ ቂሊንጦ፣ ቅሊንጦ፣ ቂልንጦ ሆኖ ተጽፏል። በላቲን ፊደል የተጻፈው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ሌላ ቦታ ነው። ይህን ያጸዳንበት መሣሪያ ኦፕንሪፋይን ይባላል። ነፃ ነው፣ የሚሠራውም የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ብራውዘር ውስጥ ቢከፈትም ኢንተርኔት አይፈልግም። ተቀራራቢ አጻጻፎችን ሰብስቦ "እነዚህ አንድ ናቸው ወይ?" ብሎ ይጠይቃችኋል። ውሳኔው የእናንተ ነው። በአማርኛ ከሆነ የምትሠሩት አስቀድማችሁ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ ቀይሩ፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም እሱ አያውቅም። ከኤክሴል ስታስቀምጡ ደግሞ "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8" የሚለውን ምረጡ፣ አለዚያ የግዕዝ ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው ኔዘርላንድስ የሚደርሰው።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ልሂድ፣ ምክንያቱም ትልቁን ጥቅም ያገኘነው እዚያ ነው። የዘዴ ጽሑፋችን ላይ "ናሙናው ታጥቦ ይደርቃል" የሚል አንድ መስመር ነበር። ጽሑፉ በኢሜይል ሲዞር ሁሉም አንብቦታል፣ ሁሉም ተስማምቷል። በኋላ እያንዳንዱን እርምጃ ለየብቻው ፕሮቶኮልስ ዶት አይኦ በሚባለው የላብራቶሪ ዘዴ ማስፈሪያ ድረ ገጽ ላይ ስናስገባ፣ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ የባህር ዳሩ ባልደረባዬ እዚያው መስመር ሥር አጭር አስተያየት ጻፉ፦ "በምን ውኃ?"

እዚህ ቅጠሉ መጀመሪያ በቧንቧ ውኃ፣ ቀጥሎ በዲስቲልድ ውኃ ይታጠባል። እዚያ በዲስቲልድ ብቻ ይለቀለቃል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን መንገድ አጠገብ ያለ ማሳ ላይ የበቀለ ጎመን ቅጠሉ ላይ አቧራ ይቀመጥበታል፣ አቧራው ውስጥም እነዚሁ የምንለካቸው ብረቶች አሉ። በደንብ ያጠበ ላብራቶሪ የሚለካው ተክሉ ከአፈርና ከውኃ የመጠጠውን ነው። ለቅለቅ ያደረገ ላብራቶሪ ከላይ የተቀመጠውንም ይጨምራል። ሁለቱን ቁጥር አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ብታስቀምጡ የምታነጻጽሩት ማሳዎቹን ሳይሆን አስተጣጠባችሁን ነው። ከዚያች ከሁለት ቃል አስተያየት ተነስተን ረጅም ውይይት አደረግን፤ እኛ የምንፈልገው ሰው የሚበላውን ነው ወይስ ተክሉ የመጠጠውን የሚለው ዋናው ጥያቄ ራሱ የዚያን ጊዜ ነው በደንብ የጠራልን። "ይደርቃል" የሚለውም "በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም" ሆነ። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የምወደው ሰው በየእርምጃው ላይ ጣቱን አስቀምጦ መጠየቅ ስለሚችል ነው። ረጅም ሰነድ ላይ ማንም "በምን ውኃ?" ብሎ አይጠይቅም።

ጽሑፉን የምንጽፈው በጉግል ዶክስ ነው። አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኦፍላይን የሚሠራበትን ማስተካከያ አስቀድማችሁ፣ ኔትወርክ እያለ፣ ክሮም ላይ አብሩት፤ መብራት ከሄደ በኋላ ማብራት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሁለት ሰው ኦፍላይን ሆኖ አንድ አንቀጽ ላይ ከሠራ ሲገናኙ ዓረፍተ ነገሩ ይደበላለቃል፣ ስለዚህ ክፍል ተከፋፈሉ። የሌላ ሰው ክፍል ላይ ሁሌም በ"ሰጀስቲንግ" ግቡ። በተለይ ታላቆቻችሁ የጻፉትን በቀጥታ መሰረዝ ለሚከብዳችሁ ተማሪዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሐሳባችሁን ታቀርባላችሁ፣ ባለቤቱ ይቀበላል ወይም ይተዋል፣ ማንም አይከፋም። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ያላችሁ ኦቨርሊፍን፣ በብራውዘር በጋራ የሚጻፍበትን መሣሪያ፣ እንደምትመርጡ አውቃለሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ያለ ኢንተርኔት አይሆንም፣ ነፃው አካውንት ላይም የምትጋብዙት ሰው ቁጥር በጣም ውስን ነው።

ለምንጮች ዞቴሮ። ሌላ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነፃ ፕሮግራም ነው። ቤተ መጻሕፍታችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ከቡድኑ ጋር ይመሳሰላል። በነፃ የሚሰጠው ቦታ 300 ሜጋባይት ነው፤ ፒዲኤፎቹን ካስገባችሁበት ቶሎ ይሞላል፣ ዳታችሁንም ይበላዋል። እኛ በቡድኑ ቤተ መጻሕፍት የምንጋራው የምንጩን መረጃ (ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዓመት) ብቻ ነው፣ ፒዲኤፉን እያንዳንዱ በየራሱ ያስቀምጣል። ጽሑፎቹን ለማግኘት ደግሞ ሪሰርች ፎር ላይፍን ተጠቀሙ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናት፣ ሂናሪና አጎራ የሚባሉት ክፍሎቹ የጤናና የግብርና መጽሔቶችን ይይዛሉ። የሚመዘገበው ተቋም ነው፤ ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችሁን ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የይለፍ ቃሉን ጠይቁ። ስንት ሰው ይህ በር ክፍት መሆኑን ሳያውቅ ያለ ጽሑፍ ይመረቃል!

የስማችንን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፕሮግራሞቹ ሁሉ የሚያስቡት የቤተሰብ ስም እንዳለን ነው። አንዲት እህት በራሷ ስም ምርምር ሠርታ ሲጠቀስ የምታዩት የአባቷ ስም ነው፤ አንዳንዱ መጽሔት ደግሞ የአያቷን ያስቀድማል። አንድ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። ዞቴሮ ላይ ከስሙ ሳጥን ጎን ያለችውን ምልክት ብትነኩ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፣ ስሙ ሳይገለበጥ እንዳለ ይጻፋል። የራሳችሁን ሥራ ደግሞ በኦርሲድ አስጠብቁ። ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር ነው፣ በነፃ ነው፣ ስማችሁ በየትኛውም መንገድ ቢጻፍ ሥራው ወደ እናንተ ይመጣል። ዛሬውኑ አውጡት።

ስብሰባ ላይ አጭር ልሁን። ቪዲዮውን አጥፉ፣ ድምፅ ይበቃል። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይዘጋል፣ ያንን አውቃችሁ ከባዱን ጉዳይ አስቀድሙት። ሰዓት ግን እውነተኛ ፈተና ነው። እኛ "9 ሰዓት" ስንል ከቀትር በኋላ ነው፣ ኔዘርላንድስ ያለችው ባልደረባችን ጠዋት ነው የምትሰማው። በዚያ ላይ አውሮፓውያን በማርች መጨረሻ እሑድና በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፣ እኛ አናዛውርም። ከኔዘርላንድስ ጋር ያለን ልዩነት በበጋቸው 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 2 ሰዓት ነው። እኛ ሁሌ በዩቲሲ (በዓለም የጋራ ሰዓት) እንጽፋለን። ዩቲሲ 12:00 ማለት እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ ክረምት ከበጋ አይለወጥም። የተወሰነውን ነገር ሁሉ ደግሞ እዚያው እየተነጋገርን በጋራ ሰነድ ላይ አንድ ሰው ይጽፋል፤ መሀል ላይ መስመሩ የተቋረጠበት ሰው ሁሌም አለና።

ቴሌግራም ላይ ቡድን አለን፣ እንደ ሁሉም ሰው። "ናሙናው ደረሰ ወይ?" ለማለት የሚያህለው የለም። ውሳኔ ግን ቴሌግራም ላይ አይወሰንም፣ ከሰላምታውና ከበዓል ምኞቱ መሀል ይጠፋል። የማሳ ፎቶ ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩት፣ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው የቦታና የሰዓት መረጃም ይጠፋል።

አቅሙ ደካማ ላፕቶፕ ላላችሁ ጉግል ኮላብ አለ። ስሌቱ የሚሠራው እነሱ ማሽን ላይ ነው፣ እናንተ ውጤቱን ነው የምታዩት። ብራውዘሩ ሲዘጋ ግን ያልተቀመጠው ይጠፋል፣ በየመሀሉ ድራይቭ ላይ አስቀምጡ።

ከመሣሪያ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን አሁን ልናገር። ናሙናው ከእኛ፣ ላቡ ከእኛ፣ ስሙ ከሌላ የሆነበት ምርምር ብዙ አይተናል። የእኛ ተማሪ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የለቀመው መረጃ ታትሞ ሲወጣ ምስጋና ላይ እንኳ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ይህ መቅረት አለበት፤ የሚቀረውም መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ ሲቀመጥ ነው። ክሬዲት የሚባል አሠራር አለ። የምርምርን ሥራ 14 ሚና አድርጎ ይከፍለዋል፦ ሐሳቡን ማመንጨት፣ መረጃ መሰብሰብ፣ መተንተን፣ ረቂቁን መጻፍ፣ ገንዘብ ማምጣት እያለ። ብዙ መጽሔቶች ዛሬ ይጠይቁታል። እኛ ናሙና ሳይለቀም በፊት ሰንጠረዡን ከፍተን ማን ምን እንደሚሠራ ሞላን፣ ሥራው ሲቀየር ሰንጠረዡንም እንቀይራለን። ኔዘርላንዷ ባልደረባችን ራሷ ናት "ናሙና የሚለቅሙት ተማሪዎች ትንተናውንም ይማሩ" ያለችው። መልካም ፈቃድ ያለው አጋር ይህን ጥያቄ አይጠላም። አጋራችሁ ከጠላው መጀመሪያ ላይ ማወቁ ይሻላል።

ገበሬዎቹም አሉ። አንድ አባት ተማሪያችን ስልኳ ላይ ስትመዘግብ አይተው "ልጄ፣ ይሄ የምትጽፊው ለማን ነው የሚሄደው?" አሏት። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የማሳቸው ነጥብ ከነብክለቱ ቁጥር ካርታ ላይ ቢወጣ ነገ ጎመናቸውን የሚገዛቸው አይኖርም፤ ወንዙን የበከሉት ግን እሳቸው አይደሉም። ስለዚህ የምናወጣው መረጃ ላይ ስምና ስልክ የለም፣ የጂፒኤስ ነጥቡም ማሳው ተለይቶ እስከማይታወቅ ድረስ ተጠጋግቷል። ትክክለኛው ነጥብ የይለፍ ቃል ባለው ለብቻው ፋይል ይቀመጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለንና ጉዳዩ የሕግም ነው፤ አንብቡት።

እንዲህ የተጣራው መረጃ ዜኖዶ በሚባል የምርምር መረጃ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ይቀመጣል። ዜኖዶን የሚያስተዳድረው ስዊዘርላንድ ያለው የፊዚክስ ምርምር ተቋም ሰርን ነው፤ ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 በየአገሩ የተበተኑ ሳይንቲስቶች መረጃ እንዲጋሩ ብሎ ድረ ገጽን ያሰበበት ያው ተቋም። በነፃ ነው፣ ለአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ይቀበላል፣ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥርም ይሰጣችኋል። በቁጥሩ ሌሎች መረጃውን ሲጠቅሱ የሰብሳቢዎቹ ስም አብሮ ይጠቀሳል። ጽሑፋችሁ እስኪታተም ዘግታችሁ ማቆየትም ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የጋራ ፎልደሩ፣ የኮቦ ቅጹ፣ የዞቴሮ ቡድኑ በማን አካውንት ነው የተከፈተው? ብዙ ጊዜ በተማሪው የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ነው። ተማሪው ይመረቃል፣ ኢሜይሉ ይዘጋል፣ መረጃው ከውስጥ ይቀራል። ሁሉም ላይ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ጨምሩ፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ይሁን። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ሙሉውን መረጃ አውርዳችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። የእኛ አንዱ ቅጂ እኔ ቤት ነው፣ ሌላው ባህር ዳር።